ትንንሽ አፎች

እኛ የምናረባት ዓሣ ልጆቿን በአፏ የምታሳድግ ናት። እንቁላሏን ትጥልና መልሳ በአፏ ትለቅመዋለች፤ እስኪፈለፈል ድረስም ምግብ የሚባል ነገር አትቀምስም። የኛ ሥራ ታዲያ ይህችን ምስኪን በመረብ ይዞ፣ መንጋጋዋን በአውራ ጣት ፈልቀቅ አድርጎ፣ ያጠራቀመችውን ሁሉ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ማስተፋት ነው። «ከእናት አፍ ነጥቆ መብላት ይሏል ይሄ ነው!» እያለ የሚቀልድብን አይጠፋም። እኔ ግን ሃያ ዓመት ስሠራው አንድም ቀን አፍሬበት አላውቅም። ያሳፈረኝ ሌላ ነው።

ሥራውን ያስተማረችኝ እትዬ ናት። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት፣ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር። ለኔ እንደ ታላቅ እህት ናት፤ ታላቅ እህት ደግሞ ስትወድም ስትቆጣም ያው ነው፣ ጆሮ ትይዛለች። በገባሁ በሳምንቱ አንድ ሳህን ሙሉ እንቁላል ወለሉ ላይ ስደፋ «እኔ ነኝ የገፋሁት» ብላ ቁጣውን በራሷ ላይ የወሰደችው እሷ ነበረች። ከዚያ በኋላ ማንም በሌለበት ጆሮዬን ያዘችኝ።

የጫጩቶቹ ነገር የእሷ ብቻ ነበር። እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ከዓይኑ በቀር ምኑም የማይታይ ጫጩት በቀን ስድስት ጊዜ መመገብ አለበት፤ የመጀመሪያው ገና ሲነጋጋ ነው። እትዬ የመኖውን ዱቄት በሁለት ጣቷ ቆንጠር እያደረገች ውሃው ላይ ስትበትን፣ አንዱን ትመክራለች፣ አንዱን ትሰድባለች። «አንተ ሆዳም፣ ለወንድምህ አስቀርለት!» ስትል ከገንዳው ማዶ ይሰማል። ከስንት ሺህ ጫጩት የትኛውን እንደሆነ እሷ ትወቀው።

ከዓመት በፊት ለሦስት ወር ሥልጠና ተላክሁ። ስመለስ የማፈልፈያው ክፍል ኃላፊ ሆኜ፣ ወረቀት በብብቴ ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ ነው የመጣሁት። የተማርኩት ነገር ሐሰት አልነበረም፤ ዛሬም እምልበታለሁ። ዕድሜዋ የገፋ፣ ገላዋ የሞላ ዓሣ ትልልቅ እንቁላል ትጥላለች። ትልቅ እንቁላል ብዙ አስኳል አለው፤ አስኳሉ ለጫጩቱ ስንቅ ነው። ከእሱ የሚወጣው ጫጩት ረዘም ይላል፣ አፉ ሰፋ ይላል፣ መኖ ቢዘገይበት እንኳ በስንቁ ይሰነብታል። ገና የመጀመሪያዋ የሆነች ወጣት ዓሣ የምትጥለው ግን ትንሽ ነው፤ ጫጩቱም አጭር፣ ስንቁም ቶሎ የሚያልቅ። ከዚህ ተነሥቼ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፤ የወጣቶቹን እንቁላል ለምን እንለፋበታለን፣ ይደፋ።

«ይደፋ?» አለች እትዬ፣ እጇ ዓሣ አፍ ውስጥ እንዳለ። «ትንሽ ስለሆነ?»

«ደካማ ስለሆነ።»

«ደካማ አይደለም፤ አፉ ጠባብ ነው። በአፉ ልክ ካጎረስከው ያድጋል። ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማህም?»

«የዓሣ እንቁላል እግር የለውም፣ እትዬ።»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። «የተማረ ይግደለኝ!» ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች። እኔ ግን ሳቋን አልወደድኩትም፤ አሁንም ከኔ የምትማር ልጅ ነህ የምትለኝ መሰለኝ። ነገሩን ትቼው ማለፍ ስችል ይዤው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ወጣሁ።

ሥራ አስኪያጁ ጭቅጭቅ የማይወድ ሰው ነው። «አፍ ከምትካፈቱ ገንዳዎቹ ራሳቸው ይናገሩ» አለ። አንዱ ገንዳ ውስጥ ከትልልቅ እንቁላል የወጡ አራት ሺህ፣ ሌላው ውስጥ ከትንንሽ የወጡ አራት ሺህ ጫጩቶች ይገባሉ። እትዬ ሁለቱንም ትመግባለች፣ እኔ መኖውን አዘጋጃለሁ፣ በየሦስት ቀኑም እቆጥራለሁ። በሃያ አንደኛው ቀን የተረፈው ተቆጥሮ ይወሰናል።

መኖውን ማዘጋጀት ማለት ዱቄቱን መንፋት ነው። ለትልልቆቹ የሽቦው ወንፊት ይበቃል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ለትንንሾቹ ግን በእንጨት ክብ ላይ በተወጠረ ስስ ጨርቅ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ጨርቁ እንደ ልብ አያሳልፍም፤ አንዲት ጣሳ ለመሙላት ግማሽ ቀን መነቅነቅ ነው። በዚያ ቀን ደግሞ የምጽፈው ሪፖርት ነበረኝ፣ ሰዓቱም ሄዶብኝ ነበር። የብናኝ ልዩነት ምን ያመጣል አልኩና ሁለቱንም ጣሳ በሽቦው ወንፊት ነፍቼ ሞላሁ። በአንዱ ክዳን ላይ «ትልልቅ»፣ በሌላው ላይ «ትንንሽ» ብዬ በአማረ ጽሕፈት ጻፍኩ።

እትዬ ጣሳውን ከፍታ ዱቄቱን በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። ሠላሳ ዓመት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የኖረ ጣት ደንዝዟል።

«የትንንሾቹን በጨርቁ አሳልፈሃል አይደል? ጣቴ እንደ ድሮ አይለይልኝም» አለችኝ።

«አሳልፌያለሁ፣ እትዬ» አልኳት፣ ቀና እንኳ ሳልል።

አመነችኝ። ለምን አታምነኝም?

በስምንተኛው ቀን እትዬ አረፈደች። ባሏ ከታመመ ቆይቷል፤ ግማሽ ጎኑ አይታዘዝለትም። በዚያ ንጋት ከአልጋ ወድቆ፣ እሷ ብቻዋን ልታነሣው አቅቷት፣ ጎረቤት እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወለሉ ላይ አብራው ተቀምጣ ነበር። ስትደርስ የንጋቱ ምግብ አልፏል። ማንም ሳይጠይቃት ከበሩ ጀምራ ላገኘችው ሁሉ «ቁርሳቸው አለፋቸው፣ ቁርሳቸው አለፋቸው» እያለች ነው የገባችው። እኔም «አይዞሽ፣ አንድ ቁርስ ምንም አያደርግም» አልኳት። እውነትም አያደርግም ነበር፤ አውቀዋለሁ። ያን ቃሌን በኋላ ስንት ጊዜ ተመኘሁት።

በማግስቱ የቆጠራ ቀን ነበር። የትልልቆቹ ገንዳ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ፣ የትንንሾቹ ሁለት ሺህ አንድ መቶ። ከሞቱት ጥቂቱን ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁ። የዓሣ ጫጩት ገላው እንደ መስተዋት ስለሆነ የበላው ሁሉ ይታያል። የነዚህ አስኳላቸው አልቋል፤ አንጀታቸው ደግሞ ባዶ ነው። አንዱ አፉ ላይ የመኖ ፍርፋሪ እንደተቀረቀረበት ሞቷል፤ ፍርፋሪው ከአፉ ይበልጣል። የቀሩት ያልሞቱት በዱቄቱ መሐል የሚገኘውን አቧራ እየለቀሙ ነው። ምግብ ላያቸው ላይ እየተበተነ በረሃብ ነው ያለቁት።

ገባኝ። እስኪገባኝ ደግሞ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ጨርቁ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ግማሽ ቀን ብቀመጥና ብነፋ ሁለት ሺህ አንድ መቶው ይበላ ነበር። መናገሩ ቢያሳፍረኝ እንኳ በድብቅ ነፍቼ ጣሳውን መቀየር እችል ነበር፤ ማንም አያይም። አላደረግኩም። ለምን እንዳላደረግኩ ለብዙ ጊዜ ለራሴም በደንብ አልነገርኩትም። ነገሩ ቀላል ነው፤ ገንዳው እኔ ያልኩትን መናገር ጀምሮ ነበር። ማሸነፍ ጀምሬ ነበር።

ቁጥሩን መዝገቡ ላይ ጻፍኩና መሳቢያውን ዘጋሁት።

በሃያ አንደኛው ቀን ከትልልቆቹ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ተረፉ፤ ከትንንሾቹ ሦስት መቶ አርባ። ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ሰበሰበን። እኔ ወረቀቴን ሳነሣ እትዬ ቀድማኝ ቆመች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ስምንተኛው ቀን ቁርስ አሳልፌባቸዋለሁ። ትልልቆቹ ስንቅ ስለነበራቸው ቻሉት። ትንንሾቹ ስንቅ የላቸውም፣ አልቻሉም። ይሄ ልጅ ነግሮኝ ነበር።»

የገዛ ትምህርቴን ከአፏ ሰማሁት። ከሥልጠና ይዤ የመጣሁትን ሁሉ በደንብ ገብቷት፣ አንድም ሳታዛባ፣ ለራሷ ገመድ አደረገችው። ሥራ አስኪያጁ ወደኔ ዞረ።

«አንድ ቁርስ ይህን ያህል ይገድላል?»

ሁሉም አዩኝ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ዝም እንኳ አላልኩም።

«ሊገድል ይችላል» አልኩ።

ማንም አላባረራት፤ ራሷ ናት የለመነችው። «ከእንግዲህ ነፍስ ያለው ነገር አትስጡኝ» ብላ ከሕንጻው ጀርባ መረብ ማጠብ ጀመረች። የወጣት ዓሦቹም እንቁላል በኔ ትእዛዝ በየሳምንቱ ወደ ቱቦው መደፋት ጀመረ። መሥሪያ ቤት ደግሞ ያው መሥሪያ ቤት ነው፤ ለሰው ቁስል ቅጽል ስም ማውጣት አይቸግረውም። ከቀልደኞቹ አንዱ «ቁርሴ» ብሎ ጠራት፣ ስሙም ተጣበቀ። «ቁርሴ፣ መረቡን አድርሺን!» ሲሏት ፈገግ ትላለች። ያቺ ፈገግታ አንጀቴን ትበላዋለች፤ ቢሆንም ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አልፋለሁ። አንድ ቀን እኔ ራሴ ሳላስበው ቁርሴ ብዬ ጠርቻታለሁ። እሱንም «አቤት» አለችኝ።

ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። አንድ ቀን ቢጨንቀኝ ለሚስቴ ነገርኳት። ስነግራት ከጨርቁ ጀመርኩ፤ ሪፖርቱ እንዴት እንዳጣደፈኝ፣ ጨርቁ እንዴት እንደማያሳልፍ፣ ልዩነቱ እንዴት ለዓይን እንደማይታይ። ዘጠነኛው ቀን ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ቶሎ አለፍኩት። ሚስቴም «ሰው አይደለህ? ሰው ይሳሳታል» ብላ አጽናናችኝ። ቀለል አለኝና ጥሩ አድርጌ በላሁ። ያን ቀን የበላሁትን ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል።

ከዚያ በሳምንቱ ጠዋት መረብ ፈልጌ ወደ ኋላ ስሄድ እትዬ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ ስትፈትግ አገኘኋት። ዓይኗ አብጧል።

«ምን ሆነሻል፣ እትዬ?»

«ኧረ ምንም። ባለቤቴ ትናንት ወድቆ እጁ ተሰበረ።» መረቡን ገለበጠችው። «እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው የወደቀው። ጎረቤቶቹ እስኪሰሙት ረፍዶ ነበር፤ በዚያ ብርድ ወለሉ ላይ።»

«ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?»

«ጎህ ሳይቀድ። ዘበኛው ይስቅብኛል፣ ከኔ ቀድመሽ በሩን ልትከፍቺ ነው እያለ።»

«መረብ እኮ አይራብም፣ እትዬ! ሲነጋ ብትመጪ ማን ምን ይልሻል?»

«እሱማ ማንም ምንም አይለኝም።» ከመጣሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። «ግን ያረፈድኩ ቀን ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። አራት ሰዓት አልጋ ላይ ብተኛ፣ አራቱንም የማየው ያንን ገንዳ ነው። እንዳላረፍድ ብዬ ስሮጥ ደግሞ ባሌን ጣልኩት። ለዓሣም አልሆንኩ፣ ለሰውም አልሆንኩ።» ይህን ብላ ሳቀች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። መሬት ግን እንዲህ ያለውን ሰው አትፈልግም መሰለኝ፣ ዝም ብላ ተሸከመችኝ።

«እትዬ፣ እነዚያን የገደላቸው ቁርሱ አይደለም» አልኩ።

መፈተጓን አላቆመችም። እኔም እንደለመድኩት ከጨርቁ ጀመርኩ። ጨርቁ እንደማያሳልፍ፣ ሪፖርት እንደነበረብኝ፣ ሁለቱንም ጣሳ በሽቦው እንደነፋሁ፣ ስትጠይቀኝ እንደዋሸኋት። «ፍርፋሪው ከአፋቸው በለጠ። መብላት አልቻሉም። አንቺ ያሳለፍሽው ቁርስ አንዲት ጫጩት አልገደለም። ተሳሳትኩ፣ እትዬ። ይቅር በይኝ።»

እጇ ቆመ። የምትጮህ መስሎኝ ነበር፤ እንድትጮህ ፈልጌም ነበር።

«እንዲህ ያለውማ ስህተት ነው» አለች። «ሰነፍክ፣ ዋሸህ፤ እኔም በልጅነቴ ስንቱን ሰንፌያለሁ። መቼ ነው ያወቅከው?»

መረቡ ላይ አፈጠጥኩ።

«ስብሰባው ቀን ነው?»

«አይደለም።»

«ከስብሰባው በኋላ ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ። በፊት ነው።»

«መቼ?»

«ዘጠነኛው ቀን። ጠዋት፣ ስቆጥር።»

ውሃው ከመረቡ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። እሷ እጆቿን ገንዳው ጠርዝ ላይ አሳረፈች።

«ያኔ ስንት ነበሩ?»

ስለ ስሟ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር። ስለ ሁለቱ ወር፣ ስለ ባሏ እጅ፣ «ሊገድል ይችላል» ስላልኩት። ለእነዚህ ሁሉ በየመንገዱ መልስ ሳዘጋጅ ከርሜያለሁ። ለዚህኛው አላዘጋጀሁም።

«ስንት ነበሩ ነው የምልህ፤ በሕይወት ያሉት።»

«ሁለት ሺህ አንድ መቶ።»

«ጨርቁስ? ጠፍቶ ነበር?»

«ከበሩ ጀርባ፣ ሚስማሩ ላይ ነበር።»

«ከበሩ ጀርባ» አለች፣ ለራሷ። ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም። እኔን እንደማታውቀኝ አድርጋ፣ ከየት መጣህ በሚል ዓይን ነበር የምታየኝ። «እኔ ለሁለት ወር ስለ አንድ ቁርስ ሳለቅስ ነበር። አንተ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅህ አሥራ ሁለት ቀን ትቆጥር ነበር።»

«እትዬ...»

«ስሜን ተወው። ስም ይመለሳል፣ ባይመለስም ለጡረታ ዓመት ነው የቀረኝ። እነሱ ግን ይድኑ ነበር። አንተም ታውቅ ነበር።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ሻሿን አስተካከለች። መረቡን ሳትጨርሰው ተወችው፤ እትዬ ሥራ ጀምራ ስትተው ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ባለቤቴ ብቻውን ነው፣ ልሂድ» አለች። «ዛሬ አልመለስም፤ ነገም ፀሐይ ስትወጣ ነው የምመጣው። ለሥራ አስኪያጁ ንገርልኝ። ምክንያቱንም ንገረው።» ጥቂት ከሄደች በኋላ ሳትዞር ጨመረች፤ «ከጨርቁ ግን አትጀምር።»

ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ያለው ደረጃ አሥራ ስድስት ነው። ሁሉንም ቀስ ብዬ ነው የወጣሁት። በሩ ክፍት ነበር፤ ውስጥ ያ ቀልደኛው ቆሞ ወረቀት ያስፈርማል፣ ኮሪደሩ ላይ ሌሎች ሦስት ሠራተኞች ተራ ይጠብቃሉ።

«እትዬ ዛሬ ወደ ቤት ሄዳለች» አልኩ።

«ቁርሴ ደግሞ ዛሬ ምን ረሳች?» አለ ቀልደኛው። ሥራ አስኪያጁም ሳያስበው ፈገግ አለ። ኮሪደሩ ላይ ያሉትም ሳቁ።

እጄ በሩን ሊዘጋ ሄዶ ነበር። እጀታውን ከያዝኩት በኋላ ለቀቅሁት፣ በሩ እንደተከፈተ ቀረ።

«እሷ ምንም አልረሳችም» አልኩ፤ ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። ሳቁ ቆመ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ፤ እኔም ከዘጠነኛው ቀን ጀመርኩ።